የባሕር ኃይል መርከብ የናፍጣ ሞተር ጭስን መቀነስ፦ ከድሬዳዋ ጋራዥ ወደ መርከብ ሞተር ክፍል ለሚያስቡ መካኒኮች

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተሩ የሚያጨስበት ሰው ወደ ጋራዥ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ጭሱ እንዲጠፋለት ሳይሆን እንዳይታይበት ነው። ሳቢያን አካባቢ የዱቄት ወፍጮ ያለው አንድ ደንበኛዬ የጄኔሬተሩን ማርሚታ እያሳየኝ «አቦ፣ ቱቦውን ሁለት ሜትር ወደ ላይ ቀጥልልኝና ጎረቤቱ ይረፍልኝ» ብሎኝ ነበር። እንዳለው ባደርግ ጭሱ ይብስ ነበር፤ ረጅምና ጠመዝማዛ ቱቦ የሞተሩን ትንፋሽ ያፍናል፣ ትንፋሹ የታፈነ ሞተር ደግሞ ናፍጣውን አቃጥሎ አይጨርስም። በመርከብ ሞተር ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት ያየሁትም ከዚህ የራቀ አይደለም። እዚያም ጭስ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚታሰበው ውድ መሣሪያ መግጠም ነው፤ የአየር ማጣሪያውን መክፈት የሚታወሰው በመጨረሻ ነው።

ከጅቡቲ ወደብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቅ ከተማ ተቀምጦ ስለ መርከብ ሞተር መጻፍ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ኢትዮጵያ ግን ዋና የባሕር ሰፈሩ ምፅዋ የነበረ ባሕር ኃይል ነበራት፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ዋና መርከቧም እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተገኘች፣ በናፍጣ ሞተር የምትሄድ መርከብ ነበረች። ያ ኃይል ከፈረሰ በኋላ እንደገና እንዲቋቋም መወሰኑ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለተገለጸ፣ በጭነት መኪናና በጄኔሬተር ላይ እጃቸውን ያፈታቱ የድሬዳዋና የሐረር ልጆች ወደዚያ የሚያደርሳቸውን መንገድ ቢጠይቁ አያስገርምም። የሚከተሉት ደረጃዎች ለእነርሱ የተጻፉ ናቸው። ቅደም ተከተላቸው ሆን ተብሎ የተቀመጠ ስለሆነ መዝለል አይመከርም።

ሕጉ ምን ይላል

መርከቦች የሚያደርሱትን ብክለት የሚገዛው ዓለም አቀፍ ስምምነት ማርፖል ይባላል፤ ስለ አየር የሚናገረው ስድስተኛው አባሪ እ.ኤ.አ. በ2005 በሥራ ላይ ውሏል። በነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የድኝ (ሰልፈር) መጠን እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በመላው ዓለም 0.50 በመቶ ሲሆን፣ በልዩ ቁጥጥር ቀጠናዎች ውስጥ 0.10 በመቶ ነው። የሜዲትራኒያን ባሕር እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2025 ጀምሮ ከእነዚህ ቀጠናዎች አንዱ ስለሆነ፣ ከቀይ ባሕር ተነሥቶ በስዊዝ ቦይ የሚያልፍ መርከብ ወደ ሰሜን ሲወጣ በቀጥታ ወደ ጥብቁ ገደብ ይገባል። ለናይትሮጅን ኦክሳይድ የተቀመጠው ገደብ ከ130 ኪሎ ዋት በላይ ጉልበት ያላቸውን ሞተሮች የሚመለከት ሲሆን፣ እንደ ሞተሩ ዙርና እንደ መርከቡ የግንባታ ዘመን በሦስት እርከኖች ይለያያል። በደቂቃ 1,000 ዙር ለሚሽከረከር ሞተር የመጀመሪያው እርከን በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 11.3 ግራም ገደማ፣ ሁለተኛው 9 ግራም፣ ሦስተኛው ደግሞ 2.3 ግራም ገደማ ይፈቅዳል።

የጦር መርከብ ከዚህ ስምምነት ነፃ ነው። ይሁንና ስምምነቱ መንግሥታት የጦር መርከቦቻቸው በተቻለ መጠን ከሕጉ ጋር የሚስማማ አሠራር እንዲከተሉ እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዛል። ለእኔ ግን ከሕጉ የሚበልጠው ምክንያት ሌላ ነው፤ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የጦር መርከብ ራሱ ከመታየቱ በፊት ያለበትን ይናገራል፣ ያጨሰውም ናፍጣ በሌላ ቀን ሊጓዝበት ይችል የነበረ ርቀት ነው።

ከመጀመር በፊት ሊታወቅ የሚገባው ጠባይ

ጥላሸትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከአንድ ሲሊንደር ይውጡ እንጂ ጠባያቸው ተቃራኒ ነው። ጥላሸት የሚፈጠረው ናፍጣው በቂ አየር ወይም በቂ ሙቀት ሳያገኝ ሲቀር ነው። ናይትሮጅን ኦክሳይድ በአንጻሩ ቃጠሎው በጣም ሲሞቅ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ራሱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ይፈጠራል። ስለዚህ ቃጠሎውን በማፋፋም ጥላሸቱን ያጠፋ መካኒክ ናይትሮጅን ኦክሳይዱን ሊያበዛ ይችላል፤ ቃጠሎውን ያቀዘቀዘም እንደዚሁ ጥላሸት ይጠራል። ድኝ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ በሞተር ማስተካከያ አይቀነስም፣ ነዳጁ ይዞት የመጣውን ያህል በጭሱ ይወጣል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲሁ ከተቃጠለው ነዳጅ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ አንድ ቶን ናፍጣ ሲቃጠል 3.2 ቶን ያህል ይወጣል።

አንደኛ፦ ሳይለኩ አይንኩ

ይህን ደረጃ በራሴ ኪሳራ ተምሬዋለሁ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት ሲወጣ ጥቁር ጭስ የሚተፋ የጭነት መኪና መጥቶልኝ፣ ምንም ሳልለካ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጩትን ስድስቱንም ኖዝል ቀየርኩ፤ መኪናው ዳገቱን ሲወጣ ጭሱ እንደነበረ ነው። በኋላ እንደታየው አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ ከሚልከው ቱርቦ የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር የሚሄደው የጎማ ቱቦ ከሥሩ ተሰንጥቆ ኖሯል። ሞተሩ ቆሞ ሲታይ ስንጥቁ ይገጥማል፤ ጭነት ሲበዛና ግፊቱ ሲጨምር ግን እንደ አፍ ይከፈታል። የአየር ግፊት መለኪያ አስሬ አንድ ጊዜ ዳገቱን ብወጣ ኖሮ በሩብ ሰዓት የሚገኝ ነገር ነበር። የኖዝሎቹን ዋጋ የከፈልኩት እኔ ነኝ።

በመርከብ ላይ መለኪያው አስቀድሞ የተገጠመ ስለሆነ ሰበብ የለም። ሞተሩ በሚገባ ከሞቀ በኋላ በአራት የጭነት እርከኖች፣ ማለትም በ25፣ በ50፣ በ75 እና በ100 በመቶ ጉልበት፣ በእያንዳንዱ ላይ ንባቡ እስኪረጋ ድረስ ይቆዩ። ከዚያም ዙሩን፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የጭስ ሙቀት፣ ቱርቦው የሚሰጠውን የአየር ግፊት፣ ከኢንተርኩለሩ በፊትና በኋላ ያለውን የአየር ሙቀት፣ የነዳጅ ፖምፓውን ዘንግ አቀማመጥ፣ የነዳጅ ፍጆታውንና የጭሱን ጥቁረት ይመዝግቡ። የሞተር ክፍሉን ሙቀት፣ የባሕሩን ውሃ ሙቀትና የዕለቱን የአየር ግፊት መጻፍ አይርሱ፤ እነዚህ ካልተጻፉ የዛሬው ንባብ ከወር በኋላ ከሚወሰደው ጋር ሊወዳደር አይችልም።

መዝገቡ ሲነበብ አንድ ቀላል ልማድ ብዙ ያሳጥራል። የአንድ ሲሊንደር የጭስ ሙቀት ብቻውን ከሌሎቹ ከፍ ካለ፣ ጥፋቱ በዚያ ሲሊንደር ኖዝል ወይም የጭስ ቫልቭ ላይ ይፈለጋል። ሁሉም በአንድነት ከፍ ካሉ ግን ኖዝል መፍታት ከንቱ ድካም ነው፤ ችግሩ በሁሉም የጋራ በሆነው ነገር፣ በአየሩ ወይም በጭነቱ ላይ ነው። ቀለሙም ይረዳል፦ ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የነዳጅ መብዛትን፣ ሰማያዊ ጭስ የሚቃጠል ዘይትን፣ ነጭ ጭስ ደግሞ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣን ወይም ውሃን ያመለክታል።

ሁለተኛ፦ አየሩን ያስተካክሉ

የእኛ አገር መካኒክ ስለ አየር ከባሕር ሰው የተሻለ ያውቃል፤ መንገዱ አስተምሮታል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ13 በመቶ ያህል ያንሳል፤ ሐረር ላይ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 20 በመቶ ይደርሳል። ቱርቦ የሌለው ጄኔሬተር ድሬዳዋ ላይ ሳያጨስ ሠርቶ ሐረር ሲወሰድ በዚያው ጭነት የሚያጨሰው ለዚህ ነው። ባሕር ላይ ግፊቱ ሙሉ ነው፤ አየሩን የሚያሳሳው ሙቀት ነው። አየር ከ25 ወደ 45 ዲግሪ ሲሞቅ፣ በተመሳሳይ መጠን ውስጥ የሚገኘው ኦክስጅን በ6 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በቀይ ባሕር ደግሞ በሞቃቶቹ ወራት የባሕሩ ውሃ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን፣ በዚያ ውሃ የሚቀዘቅዘው ኢንተርኩለር ትንሽ ቆሻሻ እንኳ አይታገስም።

ሥራውን ከአየር ማጣሪያው ይጀምሩ። ማጣሪያው መታፈኑን በዓይን ከመገመት ይልቅ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ እንደ U ፊደል አጥፎ በግማሽ ውሃ መሙላትና አንዱን ጫፍ ከማጣሪያው በኋላ ባለው ቀዳዳ ላይ መሰካት ይበቃል። ሞተሩ በጭነት ላይ ሳለ በሁለቱ የውሃ ከፍታዎች መካከል የሚታየው ልዩነት በሚሊ ሜትር ተለክቶ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ገደብ ጋር ይነጻጸራል። ይህችን የአምስት ብር ዕቃ የመሰለች መለኪያ በብዙ ጋራዥ አላየሁም፤ ከብዙ ውድ መሣሪያ ግን የበለጠ ታማኝ ናት። በመርከብ ላይ አቧራ ባይኖርም የጨው ብናኝና የሞተር ክፍሉ የዘይት እንፋሎት አለ፤ ሁለቱ ተቀላቅለው በቱርቦው የአየር ክንፎች ላይ ተለጣፊ ልባስ ይሠራሉ።

የቱርቦውን የአየር ወገን ማጠብ የሚቻለው ሞተሩ በከፍተኛ ጭነት ላይ ሳለ፣ አምራቹ የወሰነውን ጥቂት ንጹሕ ውሃ በመርጨት ነው፤ የባሕር ውሃ ፈጽሞ አይገባበትም። የጭሱ ወገን በውሃ የሚታጠበው ግን ጭነቱ ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ከበረደ በኋላ ነው፤ በጋለ ተርባይን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ኢንተርኩለሩ በውሃውም በአየሩም ወገን ይጸዳል፤ ከጽዳት በፊትና በኋላ ያለው የሙቀት ልዩነት ተመዝግቦ ካልተያዘ መጽዳቱን የሚያረጋግጥ ነገር የለም። በመጨረሻም በዚያችው የውሃ ቱቦ በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ግፊት ይለኩ። ድምፅ ማፈኛው በጥላሸት ሲደፈን የወፍጮው ደንበኛዬ ሊያስቀጥለኝ እንደፈለገው ቱቦ ይሆናል። ጭሳቸውን ከውሃ መስመር በታች በሚያወጡ የጦር መርከቦች ላይ ደግሞ ይህ ግፊት በየጊዜው መታየት ያለበት ነው።

ሦስተኛ፦ ነዳጁን ይወቁ

የድኝ ሒሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ኪሎ ድኝ ሲቃጠል ሁለት ኪሎ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 0.50 በመቶ ድኝ ያለበት አንድ ቶን ነዳጅ 10 ኪሎ፣ 0.10 በመቶ ያለበት ደግሞ 2 ኪሎ ያወጣል። ይህን ልቀት መቀነስ የሚጀምረው ከግዢ ነው። ነዳጅ ሲሞላ የሚሰጠው የርክክብ ሰነድ የድኙን መጠን ይገልጻል፤ የንግድ መርከቦች ሰነዱን ለሦስት ዓመት፣ ናሙናውን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ይገደዳሉ። ባሕር ኃይልም ይህን ልማድ ቢወስድ አይጎዳም።

ውሃ ግን በመርከቡ ውስጥ የሚወለድ ችግር ነው። ድሬዳዋ ላይ ናፍጣ በበርሜል ፀሐይ ላይ ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ በርሜሉ ቀን ሲሞቅ አየር ያስወጣል፣ ማታ ሲቀዘቅዝ እርጥብ አየር ያስገባል፣ እርጥበቱም ወደ ውሃነት ተለውጦ ከሥር ይጠራቀማል። በአንዳንድ የጦር መርከቦች ላይ ነገሩ የባሰ ነው፤ መርከቡ ሚዛኑን እንዳይስት ሲባል ነዳጁ በተቀነሰ ቁጥር በቦታው የባሕር ውሃ የሚገባባቸው ጋኖች አሉ። ስለዚህ በየፈረቃው ከዕለት ጋኑ ሥር ጥቂት ነዳጅ በጠርሙስ ቀድተው ወደ ብርሃን ይያዙት። ከሥር የተኛው ንጹሕ ሽፋን ውሃ ነው፤ በውሃውና በናፍጣው መካከል እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ዝልግልግ ነገር ከታየ ደግሞ በጋኑ ውስጥ ተሕዋስያን እየበዙ ነው፣ ጋኑም መታጠብ አለበት። ማጣሪያ ብቻ መቀየር ይህን አያድነውም።

አራተኛ፦ ኖዝሉን ይፈትሹ

ኖዝል የሚፈታው አየሩና ነዳጁ ከተስተካከሉ በኋላ ነው። በመፈተሻ ፖምፓው ላይ ሲታሰር አራት ነገሮች ይታያሉ፦ የሚከፈትበት ግፊት መጽሐፉ ከሚለው ጋር መግጠሙ፣ ከሁሉም ቀዳዳዎች እኩል መርጨቱ፣ የሚረጨው እንደ ጉም የደቀቀ መሆኑ፣ ከረጨ በኋላም ጫፉ ደርቆ መቅረቱ። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል። ጫፉ ላይ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ የምትቀር ከሆነ፣ ያቺ ጠብታ በሞተሩ ውስጥ ዘግይታ ትገባለች፤ ሳትቃጠልም ግማሿ ጥላሸት ሆና ትወጣለች፣ ግማሿ ደግሞ በኖዝሉ ጫፍ ላይ ከስላ ቀዳዳውን ትደፍናለች። በወፍጮው ጄኔሬተር ላይ ካገኘኋቸው ጥፋቶች አንዱ ይኸው ነበር፤ ከአራቱ ኖዝሎች ሁለቱ ያንጠባጥቡ ነበር።

በዚህ ሥራ ላይ እጅን ከሚረጨው ናፍጣ ፊት ማድረግ ፈጽሞ ክልክል ነው። በዚያ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል፤ ቁስሉ እንደ መርፌ ጫፍ ትንሽ ሆኖ ቢታይም ሳይዘገይ ሆስፒታል መወሰድ አለበት፣ እጅን እስከ ማሳጣት ሊያደርስ ይችላልና።

አምስተኛ፦ የነዳጁን መርጫ ጊዜ ያለመጽሐፍ አይንኩ

መርጫውን በጥቂት ዲግሪ ማዘግየት የቃጠሎውን ከፍተኛ ሙቀት ስለሚያወርድ ናይትሮጅን ኦክሳይድን ይቀንሳል፤ በለውጡ ግን የነዳጅ ፍጆታና ጥላሸት ይጨምራሉ። ማስቀደሙ ተቃራኒውን ያደርጋል። በጋራዥ ልማድ ሞተሩ «ጉልበት እንዲያገኝ» ፖምፓውን በጆሮ ማዞር የተለመደ ነው፤ በመርከብ ሞተር ላይ ይህ አይሠራም። የልቀት ሰርተፍኬት ያለው ሞተር የተፈቀደው ማስተካከያ ከየት እስከ የት እንደሆነና የትኞቹ ክፍሎች በምን መለያ ቁጥር መተካት እንዳለባቸው የሚገልጽ ቴክኒካዊ ሰነድ አለው። ከዚያ ውጭ የተገጠመ ኖዝል ቅርጹ አንድ ቢሆን እንኳ ሞተሩን ከሰርተፍኬቱ ያስወጣዋል።

ስድስተኛ፦ ሞተሩ የሚነዳበትን መንገድ ይለውጡ

የንግድ መርከብ ከወደብ ወጥቶ ለቀናት በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። የጦር መርከብ ግን ለከፍተኛ ፍጥነት የተሠራ ሞተር ይዞ አብዛኛውን ዕድሜውን በዝግታ ሲቃኝ ያሳልፋል። ሞተሮች ፈቃድ የሚያገኙበት ፈተና ግማሽ ያህሉን ክብደት የሚሰጠው ለ75 በመቶ ጉልበት፣ ለ25 በመቶው ደግሞ 15 በመቶ ብቻ ስለሆነ፣ በወረቀት ንጹሕ የሆነ ሞተር በቅኝት ላይ ሲያጨስ ማየት አያስደንቅም።

በአነስተኛ ጭነት ለረጅም ሰዓት የሚሠራ ሞተር ሲሊንደሩ አይሞቅም፣ ጋራዡ ፋሻ የሚላቸው የፒስተን ቀለበቶች አጥብቀው አይዘጉም፣ ያልተቃጠለ ናፍጣና ዘይትም ተደባልቆ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ፈሳሽ ሆኖ ከማርሚታው መገጣጠሚያ ይንጠባጠባል። የወፍጮው ሁለተኛ ጥፋት ይህ ነበር። ባለቤቱ መብራት በጠፋ ቁጥር ለወፍጮው የተገዛውን ትልቅ ጄኔሬተር ለሁለት አምፖልና ለስልክ ቻርጅ ሲያስነሣው ያመሽ ነበር። ለመብራት ትንሽ ጄኔሬተር እንዲገዛ ስነግረው ዕቃ ልሸጥለት የፈለግሁ መሰለውና ሳቀብኝ።

በመርከብ ላይ መፍትሔው ጭነትን መሰብሰብ ነው። ሁለት ጄኔሬተሮች በ35 በመቶ ከሚሠሩ አንዱ በ70 በመቶ ቢሠራ ይሻላል፤ የመርከቡ ደኅንነት ሁለቱም እንዲነሡ የሚጠይቅበትን ሰዓት የሚወስነው ግን አዛዡ እንጂ መካኒኩ አይደለም። በዝግታ መሄድ የግድ ሲሆን በየተወሰነ ሰዓት ጭነቱን ቀስ በቀስ ከፍ አድርጎ የተጠራቀመውን ማቃጠል ይገባል፤ በድንገት ከፍ ማድረግ ግን ያንኑ ጥላሸት ባንድ ጊዜ ያስተፋል፣ በጭስ ማውጫው ውስጥም እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ከመነሣት በፊት የማቀዝቀዣውን ውሃ ማሞቅ የመነሻውን ነጭ ጭስ ይቀንሳል። ፍጥነት ሲጨመር ደግሞ ነዳጁ ከአየሩ እንዳይቀድም የሚያደርገው መቆጣጠሪያ በትክክል መሥራቱ መረጋገጥ አለበት፤ ቱርቦው ለመፍጠን ጊዜ ይፈልጋልና።

ፍጥነትን መቀነስ ራሱ ትልቅ መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገው ጉልበት ከፍጥነቱ ኩብ ጋር ስለሚሄድ ፍጥነቱን በ10 በመቶ መቀነስ ጉልበቱን በ27 በመቶ ያህል ያወርዳል። በሞቃት ወደብ ለወራት የቆመ መርከብ ከሥሩ በዛጎልና በአረንጓዴ የባሕር ሣር ሲሸፈን ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቀድሞው ፍጥነት ለመሄድ ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ይጫናል፣ ሁሉም ሲሊንደሮች አብረው ይሞቃሉ፣ ጥቁር ጭስ ይወጣል። በሞተሩ ላይ ምንም ሳይገኝ ሲቀር ጠላቂ መላክ ተገቢ ነው።

ሰባተኛ፦ መሣሪያ የሚገጠመው ከዚህ በኋላ ነው

ናይትሮጅን ኦክሳይድን ወደ ሦስተኛው እርከን ለማውረድ የሞተር ማስተካከያ ብቻ አይበቃም። በብዛት የሚመረጠው በጭሱ ውስጥ የዩሪያ ውሃ ረጭቶ ለውጡን በሚያፋጥን ካታሊስት በተባለ ነገር ላይ ወደ ናይትሮጅንና ውሃ የሚለውጠው ዘዴ ሲሆን፣ ከ80 በመቶ በላይ ሊቀንስ ይችላል። ይህ ዘዴ የጋለ ጭስ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ካልተጠጋ፣ በተለይ ነዳጁ ድኝ ካለበት፣ ካታሊስቱን የሚደፍን ጨው ይፈጠራል። በዝግታ የሚቃኝ የጦር መርከብ ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ፣ ስድስተኛውን ደረጃ ያልሠራ ሰው ይህን መሣሪያ ቢገጥም ገንዘቡን ከስክሷል። ዩሪያው የሐረርጌ ገበሬ ለማሳው የሚገዛው እንዳይደለም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ የማዳበሪያው ዩሪያ ካታሊስቱን የሚያበላሹ ባዕድ ነገሮች ሊኖሩበት ስለሚችል፣ ለመርከብ ተብሎ የተዘጋጀው 40 በመቶ ንጹሕ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ብቻ ይገባል።

የጭሱን ከፊል መልሶ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባው ዘዴ ቃጠሎውን ያቀዘቅዛል፤ ድኝ ባለበት ነዳጅ ግን ቱቦውን አሲድ ይበላዋል። የጥላሸት ማጣሪያም እንዲሁ በጣም አነስተኛ ድኝ ያለበት ነዳጅ ካልተገኘ ቶሎ ይደፈናል። ጭስን በባሕር ውሃ የሚያጥቡት ማማዎች ርካሽና ከባድ ነዳጅ ለሚያነዱ ትላልቅ የንግድ መርከቦች የታሰቡ ናቸው፤ ቦታና ክብደት በሚቆጠርበት የጦር መርከብ ላይ እኔ አልመክራቸውም።

ስምንተኛ፦ በዚያው ሁኔታ እንደገና ይለኩ

ከእያንዳንዱ ደረጃ በኋላ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ ብቻ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን መዝገብ ይዘው በእነዚያው አራት የጭነት እርከኖች ላይ ይለኩ። ሁለት ደረጃ ባንድ ላይ ሠርቶ አንድ ጊዜ የለካ ሰው የትኛው እንደጠቀመው አያውቅም። ጠዋት በቀዝቃዛ አየር የተወሰደን ንባብ ቀትር ላይ ከተወሰደ ንባብ ጋር፣ የድሬዳዋውንም ከሐረሩ ጋር ሳያስተካክሉ አያነጻጽሩ። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ የሞተሩ የሥራ ሰዓት፣ የተቀየረው ዕቃ ከነመለያ ቁጥሩና የሠራው ሰው ስም ይጻፍ፤ መዝገቡም ከሞተሩ ጋር በመርከቡ ላይ ይቀመጥ እንጂ በመካኒኩ ቦርሳ ከመርከቡ አይውረድ።